ስልኩን ማን ያነሣል? ስለ ባሕር ደኅንነት ለቀጣናው ድርጅቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን
ለምሥራቅ አፍሪካ የልማት በይነ መንግሥታት (ኢጋድ) ጽሕፈት ቤት
የጂቡቲን የሥነ ምግባር ደንብ ለፈረሙ አገሮች በሙሉ

ጉዳዩ፦ በሌሊት ስልክ የሚያነሣና የመወሰን ሥልጣን ያለው ሰው በየባሕር ጠረፉ እንዲመደብ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

እኔ የመርከብ መሐንዲስ ነኝ። ዲፕሎማት አይደለሁም፤ የባሕር ሕግም በትምህርት ቤት አልተማርሁም። የምጽፍላችሁ ከአንድ ሌሊት ጀምሮ ከአእምሮዬ ያልወጣ ጥያቄ ስላለኝ ነው። (በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጊዜው 2010 ነበር። የጦር መርከቦች የሚጠብቁትን የኤደን ባሕረ ሰላጤ መተላለፊያ ጨርሰን ወደ ደቡብ ከታጠፍን ሁለተኛ ሌሊታችን ነው። የመርከቧን ዙሪያ ባለ ምላጭ ሽቦ ጠምጥመንበታል። የእሳት ማጥፊያ ቱቦዎችን አፋቸውን ወደ ውጭ አዙረን አስረናል። አሮጌ ቱታዎችን በብጣሽ ጨርቅ ሞልተን፣ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ዘብ የቆሙ ሰዎች እንዲመስሉ በኋለኛው ደርብ ላይ አቁመናል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የማስጠንቀቂያው ደወል ጮኸ። የባሕር ወንበዴዎችን የጫኑ ሁለት ፈጣን ጀልባዎች ከኋላችን እየመጡ ነበር። ዋናው መሐንዲስ ሞተሩ ያለውን ጉልበት ሁሉ እንዲሰጥ ካደረገ በኋላ፣ ከካፒቴኑና ከሁለተኛው መኮንን በቀር ሁላችንም ወደ መሪው ማሽን ክፍል ወርደን የብረቱን በር ከውስጥ ቀረቀርነው።

የሆነውን በኋላ ከካፒቴኑ አፍ ሰማሁ። መጀመሪያ የደወለው ዱባይ ወደሚገኘው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የንግድ መርከቦች መረጃ ጽሕፈት ቤት ነበር፤ ወዲያው ተነሣ። ያነሣው ሰው ያለንበትን ቦታ፣ ፍጥነታችንን፣ የሠራተኞቻችንን ቁጥርና ጀልባዎቹ ምን ያህል እንደቀረቡን ጠየቀ፤ መዘገበ፤ በአካባቢው ላሉ መርከቦችም አስተላለፈ። ነገር ግን ሊደርስልን የሚችለው የጦር መርከብ የአንድ ቀን መንገድ ይርቅ ነበር። የሚቀርበን የባሕር ጠረፍ ነው። የዚያ አገር የአደጋ ጊዜ ቁጥር ከስልኩ አጠገብ ተለጥፏል። ካፒቴኑ ደወለ፤ አልተነሣም። ደግሞ ደወለ። በሦስተኛው አንድ ሰው አነሣና ሁሉንም በትሕትና ካዳመጠ በኋላ፣ «ኃላፊው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይገባሉ» አለ።

ጀልባዎቹ አርባ ደቂቃ ያህል ከተከተሉን በኋላ ማዕበሉ ሲበረታባቸው ተመለሱ። እኛ ተረፍን። የአገሩን ስም አልጠቅስም፤ በዚያ ሰውም አልፈርድበትም። ስልክ እንዲጠብቅ ነው የተቀጠረው፤ ጀልባ የማንቀሳቀስ ሥልጣን ማንም አልሰጠውም፤ የጎረቤት አገር ባልደረባውን ቁጥርም ማንም አልነገረው ይሆናል። ጥያቄዬ እርሱን በዚያ ወንበር ላይ ባዶ እጁን ላስቀመጠው አሠራር ነው፤ የዚያም አሠራር ባለቤቶች እናንተ ናችሁ።

በወረቀት ረገድ ድሆች አይደለንም። የቀጣናው አገሮች የባሕር ውንብድናን በጋራ ለመከላከል የተስማሙበት የጂቡቲ የሥነ ምግባር ደንብ የተፈረመው ጃንዋሪ 29 ቀን 2009 ነው። በመጀመሪያው ቀን ከፈረሙት መካከል ወደብ የሌላት ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች፤ ይህንን ሁልጊዜ በአክብሮት አስበዋለሁ። በደንቡ መሠረት በሰንዓ፣ በሞምባሳና በዳሬሰላም የመረጃ መለዋወጫ ማዕከላት ተቋቋሙ፤ በጂቡቲም የሥልጠና ማዕከል ተከፈተ። ጃንዋሪ 2017 በጅዳ የተደረገው ማሻሻያ የደንቡን ወሰን ከውንብድና አልፎ ወደ ጦር መሣሪያ ዝውውር፣ ወደ ሰው ማሸጋገርና ወደ ሕገወጥ ዓሣ ማስገር አሰፋው። የአፍሪካ ኅብረት በ2014 እስከ 2050 የሚዘልቅ የባሕር ስትራቴጂ አጸደቀ፤ በ2016 ደግሞ ስለ ባሕር ደኅንነት የተጻፈው የኅብረቱ የሎሜ ቻርተር መጣ። ሰነዶቹን አንብቤአቸዋለሁ፤ መልካም ሰነዶች ናቸው። ቃሉ ግን ገና ሥጋ አልለበሰም።

ሥጋ ሲለብስ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በአህጉራችን ምዕራባዊ ጠረፍ ላይ ታይቷል። ጁን 2013 በያውንዴ ሃያ አምስት የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች ተመሳሳይ ደንብ ፈረሙ፤ ማሊና ቻድን የመሳሰሉ ባሕር የሌላቸው አገሮች ጭምር። ባሕሩን በቀጣናዎች ከፋፈሉት። ለምዕራቡ በአቢጃን፣ ለመካከለኛው በፖይንት ኑዋር ማዕከል አቋቋሙ፤ ሁለቱን የሚያገናኘውን በያውንዴ አደረጉት።

ፌብሩዋሪ 2016 ማክሲመስ የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ ከኮት ዲቯር ጠረፍ ማዶ ተጠለፈች። ወንበዴዎቹ ስሟን ቀይረው ወደ ምሥራቅ ነዷት። እንደ ድሮው ቢሆን ታሪኳ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር፤ የአንዱን አገር ውሃ አልፋ ወደ ሌላው ስትገባ የሚከታተላት ዓይን ይቋረጥ ነበርና። ያን ጊዜ ግን አንዱ ለሌላው አቀበለ። የጋና፣ የቶጎ፣ የቤኒን የባሕር ኃይል ክፍሎች በየተራቸው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ተከታተሏት። ከሳምንት በላይ ከተጓዘች በኋላ በሳኦ ቶሜ ውሃ ውስጥ ስትገኝ፣ ሳኦ ቶሜ የናይጄሪያ ባሕር ኃይል ገብቶ እርምጃ እንዲወስድ ፈቀደች፤ የናይጄሪያ ወታደሮችም ወጥተውባት አስለቀቋት።

እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው በዚያች ፈቃድ ውስጥ ስለሆነ ነው። በ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት መሠረት ውንብድና ወንጀልነቱ በዓለም አቀፍ ባሕር ላይ የተፈጸመ እንደሆነ ነው፤ ያኔ የየትኛውም አገር የጦር መርከብ ወንበዴውን መያዝ ይችላል። ያው ድርጊት ከጠረፍ በ12 የባሕር ማይል ውስጥ ከተፈጸመ ግን ስሙ የታጠቀ ዝርፊያ ይሆናል፤ እርምጃ የመውሰድ መብት ያለውም የጠረፉ ባለቤት ብቻ ነው። አሳዳጁም ሸሺው ወደ ሌላ አገር የግዛት ባሕር ከገባ መቆም ይኖርበታል። ይህችን መስመር ከማንኛውም የሕግ ባለሙያ በተሻለ የሚያውቃት ወንበዴው ነው፤ ሲሸሽ ወደ እርሷ ነው የሚሸሸው። ስለዚህ በጎረቤታሞች መካከል ፈቃዱ አስቀድሞ ያልተነጋገሩበት እንደሆነ፣ የመጨረሻውን ዘመናዊ ራዳር ብትገዙ ጥቅሙ ወንበዴው ሲያመልጥ ቁልጭ አድርጎ ማሳየት ብቻ ይሆናል። ናይጄሪያና ሳኦ ቶሜ አስቀድመው ተነጋግረው ነበር። በዚያ ሌሊት ጠዋት ሦስት ሰዓትን የጠበቀ ሰው አልነበረም።

ሉዓላዊነታችን ይደፈራል የሚለው ስጋት ይገባኛል። በማላካ የባሕር ወሽመጥ ዙሪያ ያሉት ኢንዶኔዥያ፣ ማሌዥያና ሲንጋፖርም ከእኛ ያላነሰ በዚህ ነገር ይቆጠቁጣቸዋል። በ2004 ጥበቃ ሲጀምሩ እያንዳንዱ በየራሱ ውሃ ውስጥ ብቻ እንዲንቀሳቀስ ተስማሙ፤ የተቀናጀው የጉዞ ሰዓቱና መረጃው ነበር። በቀጣዩ ዓመት የአየር ቅኝት ሲጨምሩ ግን አንድ ብልሃት አገኙ፦ የማንኛቸውም አውሮፕላን ሲነሣ የሌሎቹ አገሮች መኮንኖች አብረው ይሳፈራሉ። የጎረቤትህ አውሮፕላን በአንተ ባሕር ላይ ሲበር የራስህ ሰው መስኮቱ ዳር ተቀምጦ እያየ ነው። መተማመን ከዚህ በላይ እንዴት ይሠራል? ለንደን የሚገኙት የመድን ሰጪዎች ወሽመጡን በ2005 ከጦርነት ቀጣና ተርታ አስገብተውት ነበር፤ በኦገስት 2006 አወጡት። ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ዋና መሥሪያ ቤቱን ሲንጋፖር ያደረገውን የእስያ አገሮች የፀረ ውንብድና ስምምነት በ2006 ሥራ ሲጀምር አልተቀላቀሉትም፤ በውሃው ላይ ያለው ጥበቃ ግን በዚህ ምክንያት አልቆመም። አንዱ ስምምነት አንዱን አገር ባይመቸው ሥራው የሚቀጥልበት ሌላ በር መኖር እንዳለበት ከዚህ ተምሬአለሁ።

በእኛም ውሃ ቢሆን ያለ አንዳች ውል የተሠራ ነገር አይቻለሁ። ከ2012 ጀምሮ ቻይና፣ ሕንድና ጃፓን፣ በሌላ ጉዳይ እርስ በርሳቸው የማይተማመኑ ሦስት አገሮች፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚያጅቡበትን የቀን ሰሌዳ አቀናጅተው ነበር። ሰሌዳው በመርከባችን ማዘዣ ክፍል ተለጥፎ፣ የአንዱ አጀብ ቢያመልጠን የሌላው መቼ እንደሚነሣ እያየን እንጓዝ ነበር። ሩቅ ምሥራቆች በእኛ ደጅ ይህን ካደረጉ የእኛ ጎረቤታሞች ምን ያግደናል?

ስልኩ ተነሥቶ፣ ጀልባው ወጥቶ፣ ወንበዴውም ተይዞ እንበል። ከዚያስ? ሶማሊያን በሚያዋስነው ባሕር ላይ ውንብድናው በበረታበት ዘመን፣ በ2011 ብቻ 237 ጥቃቶች በተመዘገቡበት ጊዜ፣ ስንት ተጠርጣሪ ተይዞ መሣሪያው ባሕር ውስጥ ከተጣለ በኋላ ወደመጣበት ተመለሰ! የያዙት አገሮች ወደ ራሳቸው ፍርድ ቤት ሊወስዱት አልፈለጉም፤ በአቅራቢያ ያለው አገር ደግሞ ሕግ አልነበረውም። ኬንያ፣ ሲሼልስና ሞሪሺየስ ይህን ሸክም ሲቀበሉ ነው ነገሩ የተለወጠው። ሲሼልስ በ2010 የወንጀል ሕጓን አሻሻለች፤ በጣት የሚቆጠር ሕዝብ ያላት ደሴት ለትልልቆቹ መንግሥታት የከበደውን ሥራ ተሸከመች። ይህ ታሪኳ በሚገባው መጠን አልተነገረላትም።

አሁን ደግሞ ማርች 2024ን ተመልከቱ። ወንበዴዎች ዲሴምበር 2023 የጠለፏትን ሩዌን የተባለች የጭነት መርከብ የሕንድ ባሕር ኃይል አስለቀቀ። አሥራ ሰባት መርከበኞች ነጻ ወጡ፤ ሠላሳ አምስት ወንበዴዎች እጃቸውን ሰጡ። ወዴት ተወሰዱ? ወደ ሙምባይ። ሕንድ በ2022 የፀረ ውንብድና ሕግ አውጥታ ስለነበር የሚዳኝ ችሎት አልቸገራትም። ወንጀሉ የተፈጸመው በእኛ ቀጣና ነው፤ ችሎቱ የተሰየመው ከውቅያኖሱ ማዶ ነው። ይህ ያስቆጫል። የጂቡቲን ደንብ የፈረሙት አገሮች ሁሉ ውንብድናን በራሳቸው ሕግ ወንጀል አድርገው ያወጡና ማስረጃው ከመርከብ ደርብ እስከ ዳኛው ጠረጴዛ እንዴት እንደሚሄድ የሚስማሙ ቢሆን፣ ይህ የእኛ ሥራ በሆነ ነበር። ጥይት የወጋውን ግድግዳ ፎቶግራፍ የሚያነሣው፣ መሰላሉን በፕላስቲክ ጠቅልሎ የሚያስቀምጠው መርከበኛ ነው፤ እንዴት አድርገን ለፍርድ ቤት እንደምናቆይ ግን ከቀጣናው አንድም ጽሕፈት ቤት የሥልጠና ወረቀት አልደረሰኝም።

ስለ ራሳችሁ ብዛትም አንድ ነገር ልበል። ኢጋድ ለቀይ ባሕርና ለኤደን ባሕረ ሰላጤ በ2019 ግብረ ኃይል አቋቋመ። ጃንዋሪ 2020 በሪያድ የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ጠረፍ ያላቸው ስምንት የዓረብና የአፍሪካ አገሮች ምክር ቤት መሠረቱ። የሕንድ ውቅያኖስ ኮሚሽን በማዳጋስካር የመረጃ፣ በሲሼልስ ደግሞ የዘመቻ ማስተባበሪያ ማዕከል አለው። የጂቡቲ ደንብም በበኩሉ የራሱ ማዕከላት አሉት። እያንዳንዱ ለየራሱ ምክንያት አለው፤ አልነቅፍም። ነገር ግን በሪያዱ ምክር ቤት ባሕር የሌላቸው አገሮች የሉበትም፤ በኢጋድ ውስጥ ከማዶ ያሉት የመንና ሳዑዲ ዓረቢያ የሉበትም። ባብ ኤል መንደብን ግራና ቀኝ ይዘው የሚኖሩ ሕዝቦች በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጡበትን ሰፊውን መድረክ ከፈለጋችሁ ያላችሁ የጂቡቲው ደንብ ነው። እርሱን አጠንክሩት። ሌላ አዲስ ስም፣ ሌላ አዲስ አርማ አታምጡብን። መርከብ ላይ ያለነው ሰዎች ከስልኩ አጠገብ የምንለጥፈው ቁጥር በበዛ ቁጥር በጭንቁ ሰዓት የትኛውን እንደምንደውል ይጠፋናል።

ማዕከልን በአንድ ከተማ ላይ ብቻ መትከል ምን እንደሚያስከትልም አይታችኋል። ሰንዓ በየመን ጦርነት ምን እንደገጠማት ሁላችንም እናውቃለን። የአንዱ መብራት ሲጠፋ ሌላው የሚረከብበት፣ የተጻፈና በየጊዜው የሚሞከር አሠራር ያስፈልጋል።

ገንዘቡ ከባድ ጥያቄ ነው። የማዳጋስካሩና የሲሼልሱ ማዕከላት የተገነቡት በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ ነው፤ ለድጋፉ ምስጋና ይገባል። ሆኖም የፕሮጀክት ዘመን ያልቃል፤ ሌሊት ግን አያልቅም። ለአንድ የጥበቃ ክፍል በሦስት ፈረቃ የሚቀመጡ ሰዎች ደመወዝ ከአባል አገሮች መዋጮ መውጣት ያለበት ለዚህ ነው። መርከብ መግዛት ላያቅተን ወይም ሊያቅተን ይችላል፤ ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ደመወዝ መክፈል ግን አያቅተንም። በራሳችን ገንዘብ የምንከፍለውን ሰው ሥራውን እንጠይቀዋለን፤ ሌላው የሚከፍለውን ሰው የምንጠይቀው ለሪፖርት ብቻ ነው።

የሚያስፈራኝ ሌላው ነገር መርሳታችን ነው። ውንብድናው ቀዝቅዞ፣ የመርከብ ባለንብረቶች ማኅበራት በጃንዋሪ 2023 የሕንድ ውቅያኖስን ከአደገኛ ቀጣናነት ሲሰርዙት ደስ አለን። ሽቦውን ፈታን፤ አሻንጉሊቶቻችንን ጣልን። ዓመቱ ሳይሞላ ሩዌን ተጠለፈች። በዚያው ወራት በቀይ ባሕር ላይ ሌላ እሳት ተነሣ፦ ጋላክሲ ሊደር የተባለች መርከብ ኖቬምበር 2023 በየመን ሁቲዎች ተወስዳ ሃያ አምስት መርከበኞቿ እስከ ጃንዋሪ 2025 ተያዙ፤ ሩቢማር ወደ ሃያ አንድ ሺህ ቶን የሚጠጋ ማዳበሪያ እንደጫነች ሰጠመች፤ ማርች 2024 በትሩ ኮንፊደንስ ላይ ሦስት መርከበኞች ሞቱ። የሩቅ አገር የጦር መርከቦች ደጋግመው መጡ። የእኛስ ድርጅቶች? መግለጫ አወጡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይሄ ነው።

ናሃም 3 የተባለችውን የዓሣ መርከብ የሚያስታውስ ስንት ሰው አለ? በማርች 2012 ተጠልፋ፣ ከሠራተኞቿ በሕይወት የተረፉት ሃያ ስድስቱ የተለቀቁት በኦክቶበር 2016 ነው። አራት ዓመት ተኩል። ድሆች ዓሣ አስጋሪዎች ነበሩ፤ ከኋላቸው የሚከፍልላቸው ትልቅ ኩባንያ አልነበረም። እኔ በዚያ የብረት በር ጀርባ የቆየሁት አርባ ደቂቃ ነው፤ እስከ ዛሬ በሕልሜ ይመጣብኛል።

ደኅንነት ስትሉ የማንን ደኅንነት እንደምትሉም ንገሩን። ኤፕሪል 2024 በጂቡቲ ጠረፍ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት የስደተኛ ጀልባዎች ሰጠሙ፤ በመጀመሪያው ብቻ ቢያንስ ሠላሳ ስምንት ሰዎች ሞቱ። ከየመን እየተመለሱ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ለኮንቴይነር መርከብ የሚነሣ ስልክ ለእነርሱም መነሣት አለበት። የጅዳው ማሻሻያ ሰው ማሸጋገርን በግልጽ ጽፎታልና ይህ ከሥራችሁ ውጭ ነው ማለት አትችሉም። የጠረፉ ዓሣ አስጋሪዎች ደግሞ ማንኛውም ራዳር የማያየውን ያያሉ፦ የማያውቁት ጀልባ በየትኛው ዋሻማ ዳርቻ እንዳደረ፣ ነዳጅ ማን በበርሜል እንደገዛ። የውጭ መርከቦች መጥተው ዓሣቸውን ጠርገው ሲወስዱ ግን ለማን እንደሚናገሩ አያውቁም። ሬዲዮ ስጧቸው፤ ሲናገሩም ስሟቸው። ዓሣቸውን ያልጠበቀላቸው መንግሥት ወሬ እንዲነግሩት ሊጠብቅ አይገባም።

የምለምናችሁ እንግዲህ ይህንን ነው። በየአገሩ ለሃያ አራት ሰዓት የሚሠራ አንድ ቁጥር ይኑር። ከቁጥሩ ኋላ የተቀመጠው ተረኛ መኮንን አለቃውን ሳይቀሰቅስ ሊወስናቸው የሚችላቸው ነገሮች በጽሑፍ ይሰጡት፤ ጀልባ ማንቀሳቀስ፣ ለጎረቤቱ ማስተላለፍ፣ የጎረቤቱን ጀልባ በውሃው ውስጥ እንድታልፍ መፍቀድ። መኮንኖቹ በዓመት ጥቂት ወራት አንዱ በሌላው አገር ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሥሩ፤ በድምፅ የሚተዋወቁ ሰዎች በሌሊት አይገፋፉም።

ከሚቀጥለው ስብሰባችሁ በፊት ባለው ሌሊት፣ ከተወካዮቻችሁ አንዱ ከሆቴል ክፍሉ ሆኖ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ በደንቡ ዝርዝር ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ ይደውል። ማን እንዳነሣ፣ ስንት ጊዜ ከጮኸ በኋላ እንዳነሣ፣ ምን ብሎ እንደመለሰ ይጻፍ። ጠዋት ስብሰባው ሲከፈት ከአጀንዳው ሁሉ በፊት ያ ወረቀት ይነበብ፤ በቃለ ጉባኤውም ላይ ይስፈር።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
አንድ የመርከብ መሐንዲስ